ሞንታርቦው፣ ቤዝ ጊታሩና የጋራ ድምፃችን

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ከእንቁጣጣሽ በዓል ዝግጅት አስቀድሞ ለማኅበረሰብ ኮሚቴው፣ ለወላጆችና ለሙዚቃ ክበቡ ወጣቶች ያሰማነው ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣
ውድ እናቶችና አባቶች፣
የሙዚቃ ክበባችን ወጣቶች፣



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ሙቀት የቤት ሥራችሁን፣ የውኃ ወረፋችሁንና ሱቃችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን። እንደምታውቁት እኛ በካምፑ ትምህርት ቤት የምናስተምር ስደተኞች መምህራን ነን። ትምህርታችን ከ12ኛ ክፍል አላለፈም፤ የሙዚቃም ሆነ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አይደለንም። ይሁን እንጂ የሙዚቃ ክበቡን ከጅምሩ የያዝነው እኛ በመሆናችን፣ አሁን የተነሣውም ክርክር ከእኛ ጥፋት የመጣ ስለሆነ፣ እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ እምቢ ማለት አልቻልንም።

ክርክሩ አጭር ነው። ወጣቶቹ «ለእንቁጣጣሽ ቤዝ ጊታሩን በሞንታርቦው እንጫወት» ይላሉ። ኮሚቴው ደግሞ «ሞንታርቦው የጥሪ ነው፤ ጊታር ከእንግዲህ አይነካውም» ብሎ ወስኗል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። እኛ ዛሬ የቆምነው አንዱን ረትተን ሌላውን ለማስደሰት ሳይሆን፣ ጥያቄው በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት እንዲወሰን ለመርዳት ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ዕዳ አለብን፤ እሱን እንክፈል።

ባለፈው ዓመት በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዘፈኑ ደምቆ ሳለ ከምሰሶው ላይ ያሉት ጡሩንባ ስፒከሮች መጀመሪያ ተንጫጩ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ ከሁለቱ የሳጥን ስፒከሮች አንዱ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ አወጣና እሱም ዝም አለ። በማግስቱ የአንዲት እናት ልጅ ጠፋ፤ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሞንታርቦው ስሙና የልብሱ ቀለም ተጠርቶ፣ ከዚያኛው ዞን ሳይቀር ሰው ይዞት ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ግን የሚጠራ ድምፅ አልነበረንም። እጃችንን በአፋችን ላይ አድርገን እየተጣራን በእግር ዞርን። ሊነጋጋ ሲል በታራች ደረቅ ወንዝ ዳር ተኝቶ ተገኘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጉዳት አልደረሰበትም። እናቱ ግን «ዘፈናችሁ ደስ ይል ነበር፤ ልጄን የሚጠራልኝ ግን አጣሁ» ያለችንን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ሁሉ ቤዝ ጊታር በሚጫወተው ልጅ ላይ ወደቀ። ዓመቱን በሙሉ «ሞንታርቦ አቃጣዩ» እየተባለ ሲጠራ ሰምተናል፤ ሰምተንም ዝም ብለናል። ዛሬ በሁላችሁ ፊት እውነቱን እንናገራለን። ገመዱን የሰካው እሱ ነው፤ ስካ ያልነው ግን እኛ ነን። «አይሰማም፣ ጨምር» ያልነውም፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ያዞርነውም እኛ ነን። እሱ እንዲያውም «ጋሼ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነው» ብሎን ነበር፤ አልሰማነውም። ስለዚህ ልጁንም ወላጆቹንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ያን ስም ከእሱ ላይ አንሡና ከፈለጋችሁ በእኛ ላይ አኑሩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ስፒከሮቹን ለጥገና ካኩማ ከተማ ወደሚሠራ ፈንዲ በወሰድናቸው ጊዜ ፈንዲው ከፍቶ አሳየን። በጡሩንባዎቹ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ተሰንጥቃለች። በሳጥኑ ስፒከር ውስጥ የተጠመጠመው የሽቦ ኮይል እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ምን አጫወታችሁበት?» አለን። «ቤዝ ጊታር» ስንለው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ከመጽሐፍም፣ ከባለሙያም፣ ከራሳችን ስሕተትም ስንማር ቆይተናል። የተማርነውን እነሆ።

ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካው ኸርዝ በሚባል መለኪያ ነው። በዝግታ የሚርገበገበው ወፍራም፣ በፍጥነት የሚርገበገበው ቀጭን ሆኖ ይሰማናል። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር እንደተለመደው ሲቃኝ፣ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ቀጥሎ ያሉት በ55፣ በ73 እና በ98 ኸርዝ ነው። የተራው ጊታር ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ስለሆነ፣ ቤዝ ጊታሩ ከእሱ በአንድ ሙሉ ኦክታቭ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የሰው ንግግር ግልጽ ሆኖ እንዲሰማ የሚያስፈልገው ድምፅ ግን በአብዛኛው ከ300 ኸርዝ በላይ ያለው ነው። የጥንቱ የቤት ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ ሰውም በእሱ ሲነጋገር ኖሯል።

እንግዲህ የጥሪ ድምፅ ማጉያ የተሠራው ለዚሁ ለንግግር ነው። ሞንታርቦ የምንለው ስም ራሱ የአንድ የኢጣሊያ ድምፅ ማጉያ አምራች ስም ሲሆን፣ በአገራችን ለማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው አንድ ዓይነት አይደለም። የእኛ ክርክር መነሻም ይህን አለመለየታችን ነው።

አንደኛው ዓይነት በምሰሶ ላይ የሚሰቀለው ጡሩንባ ነው። ይህ አነስተኛ ኃይል ይዞ ሩቅ ይሰማል፤ ለጥሪም የሚመረጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ300 ኸርዝ ገደማ በላይ ባለው ድምፅ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሲገባበት ጡሩንባው አየሩን ይዞ ስለማይደግፈው፣ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ያለ ልክ ትወራጫለች፤ በመጨረሻም ትሰነጠቃለች። በጀርባው ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመርም ለወፍራም ድምፅ አልተሠራችም፤ ድምፁ ሲወፍር እሷም ትጠግብና አምፕሊፋየሩን ታስጨንቃለች። ስለዚህ ቤዝ ጊታር በጡሩንባ ማጫወት በጭልፋ ውኃ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ጉድጓዱም አይቆፈርም፣ ጭልፋውም ይጣመማል።

ሁለተኛው ዓይነት 12 ወይም 15 ኢንች ዉፈርና ከላዩ ቱዊተር ያለው የሳጥን ስፒከር ነው። ሠርግ ቤት የምናየው ይህንኑ ነው። ይህ ቤዝ ጊታርን በልክ ሊሸከም ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ከ60 ኸርዝ ገደማ በታች እየደከሙ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ሰብዉፈር የሚባለው፣ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠራው ከባድ ሳጥን ነው። በናይሮቢ ማታቱ የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መቀመጫውን አልፎ ደረት የሚመታው እሱ ነው። እኛ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዓይነት አለን፤ ሦስተኛው የለንም።

ወፍራም ድምፅ ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? ስፒከር የሚሠራው ወረቀት የመሰለው ኮን ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ አየሩን ሲገፋ ነው። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ያንኑ ያህል ጉልበት እንዲኖረው ኮኑ አራት እጥፍ መራመድ አለበት። በ164 ኸርዝ አንድ ሚሊሜትር የሚራመድ ኮን፣ በ82 ኸርዝ አራት ሚሊሜትር፣ በ41 ኸርዝ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ይራመድ ማለት ነው። ብዙ ስፒከሮች ይህን ያህል መራመጃ የላቸውም። ከልክ ሲያልፉ ኮይሉ ከመቀመጫው ይወጣል ወይም ይጋጫል። ያ ልጁ የሰማው መንቀጥቀጥ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ወደ ስፒከር ከሚገባው ኃይል ድምፅ የሚሆነው ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ኮይሉን ያግላል። የዚህን አገር ሙቀት ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በዚህ ላይ «እጥፍ ይጩህ» ብለን ብንል ነገሩ እንደሚመስለን አይደለም። ዋቱን እጥፍ ማድረግ ለጆሮ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ድምፁ እጥፍ የሆነ መስሎ እንዲሰማን አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። እኛ በዚያ ሌሊት ቁልፉን ስናዞር የጨመርነው ድምፅ ሳይሆን ሙቀት ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ «እንግዲህ ኮሚቴው ትክክል ነው ልትሉን ነው» ብላችሁ አትዘኑ። እናንተም አልተሳሳታችሁም። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ለእሱ የሚስማማ ልዩ አምፕሊፋየር አስፈልጎ በ1952 ቤዝማን የተባለውን አወጣ። በ1969 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ባለ 300 ዋት አምፕሊፋየር ሠራ፤ ለእሱም እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ይቀጠሉለት ነበር። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የቤዝ ነገር ከጥንቱ ከባድ ጉዳይ መሆኑን ነው። ያም ሆኖ ዛሬ በትልልቅ መድረኮች ቤዝ ጊታር በቀጥታ ወደ ሚክሰር ገብቶ በዋናው ድምፅ ማጉያ ለሕዝብ ይሰማል። ስለዚህ ሐሳባችሁ እንግዳ አይደለም፤ የጎደለን ሥርዓቱ ነው።

ቤዝ ለሙዚቃችን ምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቻችን መንገድም ይኖርብናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የነበሩትን የዋልያስና የአይቤክስ ባንዶች ሥራ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። የዋልያሱ መላከ ገብሬና የአይቤክሱ፣ በኋላም የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ባይኖር ያ ሙዚቃ እግር የሌለው ሰው በሆነ ነበር። ዘፋኙ የሚቆመው፣ ጭፋሪውም የሚረግጠው በቤዙ ላይ ነው። ልጆቻችን «ቤዝ ከሌለ በዓሉ ባዶ ነው» ሲሉ ቅብጠት አይደለም።

አሁን መፍትሔው ያለበትን ነገር እንንገራችሁ። ብዙዎቻችን በስልክ ከአባቶቻችን ጋር እንነጋገራለን። አባትህ ድምፀ ወፍራም ነው እንበል፤ የድምፁ መሠረት 100 ኸርዝ ገደማ ነው። የድሮው ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም ብለናል። እንግዲያው የአባትህን የድምፅ መሠረት ስልኩ ጭራሽ አላመጣልህም ማለት ነው። ሆኖም «አቤት ልጄ» ሲል ያው ወፍራም ድምፁ ይሰማሃል፤ እንደ ሕፃን ቀጥኖ አልተሰማህም። ይህ እንዴት ሆነ? ማንኛውም ድምፅ መሠረቱን ብቻ ሳይሆን እጥፍ እጥፎቹንም ይዞ ይመጣል። የ100 ኸርዙ ድምፅ 200፣ 300፣ 400 እያለ ይከተላል። ጆሯችን እነዚያን ተከታዮች ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

በገና ይህን ከስልክ በፊት ያውቅ ነበር። በገና ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ሞንታርቦም የለውም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጅማት ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ጅማቱ እሷን እየነካ ያንዛርራል። ያ ማንዛረር ከመሠረቱ በላይ ያሉትን ድምፆች ያበዛቸዋል፤ በዚህም የተነሣ ወፍራሙ ድምፅ ሳይጮህ ይሰማል። አባቶቻችን ወፍራም ድምፅ ለማሰማት ጉልበት ሳይሆን ብልሃት እንደሚያስፈልግ አሳይተውናል።

ለቤዝ ጊታራችንም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። የወፍራሙን ክር 41 ኸርዝ በ12 ኢንች ስፒከር በግድ እናሰማ ካልን እናቃጥለዋለን። ከሥር ቆርጠን የሚከተሉትን 82፣ 123 እና 164 ኸርዝ ብናሰማ ግን ጆሮ የቀረውን ይሞላዋል። ደረት ላይገፋ ይችላል፤ ዜማውና ምቱ ግን ለአዳራሹ ሁሉ ይደርሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት አውጥተናል። ወጣቶች፣ በደብተራችሁ ጻፉት።

1ኛ፤ ጡሩንባዎቹ ለጥሪ ብቻ ይሁኑ። በሙዚቃ ጊዜ ገመዳቸው ይነቀል። አምፕሊፋየራቸውም የራሳቸው ይሁን እንጂ ከሙዚቃው ጋር አይያያዝ። ይህ ድርድር የሌለበት ነው።

2ኛ፤ ቤዝ ጊታሩን በቀጥታ በማይክሮፎን መግቢያ አትስኩ። ከጊታሩ የሚወጣው ኃይል ደካማ ነው፤ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ላይ አሥር ጄሪካን ቢደቀን እንደማይሞላ ሁሉ፣ መግቢያው ካልተስማማው ድምፁ ይደክማል። እኛም ባለፈው ዓመት «አይሰማም» ብለን ቁልፍ ያዞርነው በዚህ ምክንያት ነበር። በመካከል ዲ አይ ቦክስ የምትባለውን ትንሽ ሣጥን አስገቡ። እሷ ከሌለች በሚክሰሩ ላይ ለጊታር የተዘጋጀ መግቢያ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

3ኛ፤ በሚክሰሩ ላይ «ሎው ከት» የሚባለውን ቁልፍ ተጫኑ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቀንሳል። የቤዝ ቁልፉንም ወደ ላይ አትጨምሩ። ድምፁ እንዲጎላ ከፈለጋችሁ መካከለኛውን ጥቂት ጨምሩ። ቤዝ ጊታር የሚለየው በጣት አነካኩ ነው፤ ያ ደግሞ መካከለኛው ላይ ነው ያለው።

4ኛ፤ ቤዙና ዘፋኙ በአንድ ሳጥን አይግቡ። ኮኑ ለቤዙ ሲወራጭ የዘፋኙን ድምፅ ይዞት ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሳጥን ስላለን አንዱ ለዘፋኙና ለኪቦርዱ፣ አንዱ ለቤዙ ይሁን። የቤዙን ሳጥን ከምሰሶ አውርዳችሁ መሬት ላይ፣ ከጡብ ግድግዳው አጠገብ አስቀምጡት። መሬቱና ግድግዳው ወፍራሙን ድምፅ ያለ ተጨማሪ ዋት ያጠነክሩታል። ከቆርቆሮ አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ ቆርቆሮው ራሱ ዘፋኝ ይሆናል።

5ኛ፤ የስፒከሩን ኦም ሳታነቡ አትቀጥሉ። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አራት ሲሆኑ 2 ኦም። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ከ4 ኦም አይነስ» ከተጻፈ ሦስተኛ ሳጥን መጨመር አምፕሊፋየሩን መግደል ነው። ከጎረቤት በተዋሱት ሳጥን በዓል እናደምቃለን ብላችሁ እንዳትታለሉ።

6ኛ፤ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይበራል፤ መጀመሪያ ይጠፋል። የጊታሩን ገመድ ከመስካትና ከመንቀል በፊት ቁልፉን ዜሮ አድርጉ። ገመድ ሲነቀል የሚሰማው ያ «ዷ» የሚል ድምፅ ከአንድ ሙሉ ዘፈን የበለጠ ይጎዳል። ጄኔሬተሩ ሲነሣም እስኪረጋ ጠብቁ።

7ኛ፤ ቀይ መብራት ከበራ ቀንሱ። ቀይ መብራት ማለት አምፕሊፋየሩ አቅሙ አልቆ የድምፁን ጫፍ እየቆረጠ ነው ማለት ነው። የተቆረጠ ድምፅ በየጊዜው ዕረፍት ስለማይሰጥ ኮይሉን ያግላል፤ ከሁሉ በፊት የሚሞተውም ቱዊተሩ ነው። አንድ ሰው ሳይጨፍር፣ ሳይበላ፣ ዓይኑን ከመብራቱ ሳያነሣ ሚክሰሩ አጠገብ ይቀመጥ። በዚህ ዓመት ያ ሰው ከእኛ አንዱ ይሆናል።

8ኛ፤ ቁልፉ ከዜሮ ይጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መንቀጥቀጥ ከተሰማ፣ ሽታ ከመጣ፣ ዘፈኑ መካከል ላይ ቢሆንም ይቁም። ይህን የሚያዝዘው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ቤዝ ተጫዋቹ ነው። እሱ «ይቁም» ካለ ሽማግሌም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን አይከራከረው።

ይህን ሥርዓት ባለፉት ሁለት ሳምንታት በከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሞክረነዋል። ሳጥኑን ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ በእጃችን ዳሰስነው፣ አሸተትነው። የሮጠ ኮን፣ የጋለ ኮይል አላገኘንም። የኮሚቴው ሰብሳቢም አንድ ቀን ከበሩ ቆመው ካዳመጡ በኋላ «ይህ እንኳ ይሁን» ብለውን ሄደዋል፤ ሌላ አልተናገሩም። እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር እንጨምር። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያግደውም። የ41 ኸርዝ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የጭቃ ቤት፣ የሸራና የቆርቆሮ አጥር ለእሱ ምንም አይደለም። የዘፋኙ ቃል አዳራሹ ውስጥ ሲቀር ቤዙ ግን ደቡብ ሱዳናዊው፣ ሶማሌውና ኮንጎው ጎረቤታችን ቤት ይገባል። እዚያ የታመመ ሰው ይኖራል፤ ለቅሶ የተቀመጠ ይኖራል፤ የጥይት ድምፅ ሸሽቶ ትናንት የደረሰ፣ ሌሊት «ዱም ዱም» ሲሰማ ልጆቹን ይዞ የሚነሣም ይኖራል። እኛም በጊዜያችን እንዲሁ ነበርን። ስለዚህ ቤዙ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይቁም፤ ከበዓሉም በፊት ጎረቤቶቻችን ዘንድ ሄደን እንንገር፣ እንጋብዝም።

ለኮሚቴው ደግሞ በትሕትና የምንለው ይህ ነው። ሞንታርቦው በሕዝቡ መዋጮ የተገዛ፣ ከቡና ቤቶችና ከሱቆች ሽልንግ በሽልንግ ተለቅሞ የተጠገነ የጋራ ንብረት ነው። መጠበቃችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕቃን መቆለፍ ብቻውን ዕቃን መጠበቅ አይደለም። የምናውቀው ሰው ከሌለን ጥሪ የምናሰማበትም ቀን እናቃጥለዋለን። ዛሬ ኦምና ዋት የለዩት እነዚህ ልጆች ነገ ጡሩንባው ሲበላሽ ከምሰሶው ላይ የሚያወርዱልንና የሚጠግኑልን ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን የሳጥን ስፒከሮች በሥርዓቱ መሠረት ለበዓሉ ፍቀዱላቸው፤ ጡሩንባዎቹን ቆልፋችሁ ቁልፉን እናንተ ዘንድ አቆዩ። ከበዓሉ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይም መጀመሪያ ለመለዋወጫ ይቀመጥ። ተርፎ ሲጠራቀም ለቤዙ ራሱን የቻለ ሳጥን በከተማው ጁዋ ካሊ አናጺዎች ዘንድ ማሠራት ይቻላል፤ ዉፈሩ ብቻ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ይምጣ።

ውድ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቻችን ከአገራችን ስንወጣ ይዘነው የመጣነው ዕቃ ጥቂት ነው። ድምፃችንን ግን ይዘን መጥተናል። የጠፋ ልጅ የሚጠራው ድምፅና በእንቁጣጣሽ ሌሊት የሚያስጨፍረው ድምፅ ሁለቱም የእኛ ናቸው። አንዱ ሌላውን ማጥፋት የለበትም። ለአንዱ ጡሩንባ፣ ለሌላው ሳጥን፣ ለሁለቱም ጠባቂ ካበጀን ሁለቱም ይኖሩናል።

በመጨረሻ ወደ አንተ እንመለስ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ልጃችን። ባለፈው ዓመት ቀድመህ ነግረኸን አልሰማንህም። ዘንድሮ ጆሮህን አምነን ሚክሰሩ አጠገብ እንቀመጣለን። ያቺም እናት ልጇን ይዛ እንደምትመጣ ነግራናለች፤ ከፊት ወንበር ይዘንላታል።

 መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልን!